«ፍሬን በጠሰ» የምርመራ ውጤት አይደለም

የጭነት መኪና ገደል ገባ። ሚኒባስ ከአይሱዙ ጋር ተጋጨ። ቅጥቅጥ ከድልድይ ወረደ። ከእንዲህ ያለ ዜና በኋላ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው «የአደጋው መንስኤ እየተጣራ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው ከሦስት ቀን በኋላ ሻይ ቤት ውስጥ ይሰማል፦ «ፍሬን በጥሶ ነው አሉ።» የመጀመሪያው መልሱ ሳይመጣ ይረሳል፤ ሁለተኛው ራሱ መልስ ሆኖ ይቀራል። ሟች ይቀበራል፣ ሹፌሩ በሕይወት ከተረፈ ይታሰራል፣ ቅሪቱ ለቁራሌው ይሸጣል። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ።

ፍሬን እምቢ አይልም ማለት አይደለም። በእርግጥ እምቢ ይላል። ችግሩ ቃሉ የሚሸፍነው ነገር ነው። «በጠሰ» ሲባል ነገሩ ማንም ያላየው፣ ማንም ሊያስቀረው የማይችል፣ ከላይ የታዘዘ ይመስላል። ፍሬን ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክር በአንድ ቅጽበት አይበጠስም። ከዚያ በፊት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይናገራል። ፍሬን ሲያዝ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ቀድሞ ይቆለፍና አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል፤ በሌላው ወገን መስመር የለም። አንዱ ቸርኬ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነው። ፔዳሉ ዛሬ ከትናንት ጠልቆ ይወርዳል። ይህን ሹፌሩ ያውቃል፣ ረዳቱ ያውቃል፣ ብዙ ጊዜ ባለንብረቱም ተነግሮታል። ሦስት ሰው ያወቀው ነገር «ድንገተኛ» ሊባል አይችልም።

ነገሩ በምዕራብ ጎጃም የመካኒኮች ወሬ ብቻ አይደለም። ከቡሬ ተነስቶ በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በጅጋና በደምበጫ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው መንገድ የአካባቢው የደም ሥር ነው። በቆሎው፣ ስንዴው፣ በርበሬው፣ ድንቹ የሚወጣው በእሱ ነው፤ ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ነዳጁ የሚገባውም በእሱ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጭነት ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በመካከሉም ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለውን የዓባይ በረሃ ወርዶ ይወጣል። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚታጠፈውም ከዓባይ አያመልጥም፤ በሌላ በኩል ወርዶ ይሻገረዋል። ከምዕራብ ጎጃም ወደ ደቡብ የሚወጣ መኪና ሁሉ ፍሬኑ ዓባይ ፊት ቀርቦ መፈተኑ አይቀርም።

በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚነዳ የሥራ መኪና ማግኘት ቀላል አይደለም። አይሱዙው ተጨማሪ ባሌስትራ ተደርቦለታል፣ የጭነት ሳጥኑ ጎን በብረት ከፍ ተደርጓል። ቅጥቅጡ ታሪኩን በስሙ ይናገራል፤ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ የአውቶቡስ ቦዲ ተቀጥቅጦ የተሠራለት ነው። ሚኒባሱ ወንበር ተጨምሮበታል፣ ጣራው ላይ ሰፊ ፖርቶ መጋላ ተሠርቶለታል። የግራው ጎማ አዲስ ነው፣ የቀኙ የተለበጠ።

መኪና መቀየር በራሱ ነውር አይደለም። አገሩ ያገኘውን ዕቃ ለሚፈልገው ሥራ አስተካክሎ የሚኖር አገር ነው፤ ቀጥቃጩም መካኒኩም የተከበረ ሙያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ጥያቄው ሌላ ነው። መሸከሚያው ሲጨመር፣ ቦዲው ሲረዝም፣ ወንበሩ ሲበዛ ማቆሚያው ምን ተጨመረለት? ምንም። ባሌስትራ ሲደረብ መኪናው የበለጠ መሸከም ይችላል እንጂ የበለጠ ማቆም አይችልም። ባለንብረቱ ገንዘብ ለሚያመጣው ክፍል ይከፍላል፤ ሰው ለሚያድነው ክፍል ግን «ይዟል፣ ሂድ» ይላል።

የጎጃም ገበሬ ይህን ነገር ለመረዳት መሐንዲስ አያስፈልገውም። ሁለት በሬ ተጠምዶ አንዱ ሲጎትት ሌላው ከለገመ ቀንበሩ ይዞራል፣ ትልሙ ይጣመማል። ገበሬው በዚህ ጊዜ የሚጎትተውን በሬ አይገርፍም፤ ለጋሚውን ያያል። መኪናም እንዲሁ ነው። ፍሬን ማለት በየጎማው ያሉ ጉልበቶች በልክ ተጠምደው መቆም ማለት ነው። በአንድ አክሰል ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች እኩል ካልያዙ መኪናው ቀጥ ብሎ መቆሙን ትቶ መዞር ይጀምራል።

አንድ ጎማ ሲቆለፍ፣ ማለትም መኪናው እየሄደ ጎማው ግን መዞሩን ጨርሶ ሲያቆም፣ ብዙ ሰው «ፍሬኑ ጥሩ ነው፣ ይነክሳል» ይላል። ተቃራኒው ነው እውነቱ። የተቆለፈ ጎማ እየተንሸራተተ ነው፤ የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ ወደ ጎን የሚይዘው ነገር የለም። የፊት ጎማዎች ቀድመው ከተቆለፉ መሪ ቢዞርም መኪናው አይታዘዝም፤ ወደፊት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኋላዎቹ ቀድመው ከተቆለፉ ደግሞ የባሰ ነው፤ ኋላው ፊቱን ሊቀድም ይፈልግና መኪናው በራሱ ላይ ይዞራል። በእርጥብ አስፋልት ላይ፣ ከፍ ባለ ጭነት፣ በጠባብ መታጠፊያ ይህ የሚሆነው ሹፌሩ «ወይኔ» እስኪል በማይቆይ ጊዜ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳልና።

ይህ የድሃ አገርና የአሮጌ መኪና ችግር ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በሀብታም አገር የስፖርት መኪናቸውን የሚያሻሽሉ ወጣቶችም የሚወድቁት በዚሁ ጉድጓድ ነው። ከፊት ትልልቅ ዲስክ ይገጥማሉ፣ መኪናውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ጎማውን ያሰፋሉ፤ ከዚያ ለምን አንዱ ጎማ ቀድሞ እንደሚቆለፍ ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ ዝቅ አስደርጎ ሰፊ ጎማ የገጠመ ወጣትም ከዚያ የተለየ አላደረገም። ፋብሪካው የፊትና የኋላውን ድርሻ ለክቶ ያወጣው መኪናው በነበረው ክብደት፣ በነበረው ቁመትና በነበረው ጎማ ነው። አንዱን የቀየረ ሁሉንም ቀይሯል። ልዩነቱ የስፖርት መኪናው ባለቤት ስህተቱን የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ መኪና መሆኑ ነው። የቅጥቅጡ ስህተት የሚከፈለው ወንበር ላይ በተቀመጡ ሰዎች ነው።

ለውጡ ፍሬኑን እንዴት እንደሚያበላሽ አንድ ምሳሌ ብቻ ማየት ይበቃል። በብዙ ሚኒባሶች፣ ፒካፖችና ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ ከኋላ አክሰል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘች ትንሽ ቫልቭ አለች። ሥራዋ ጭነት መመዘን ነው። መኪናው ሲጫን ኋላው ዝቅ ይላል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቯም ለኋላ ጎማዎች የበለጠ የፍሬን ግፊት ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ኋላው ከፍ ይላል፣ ቫልቯም ባዶው ኋላ እንዳይቆለፍ ግፊቱን ትቀንሳለች። አሁን ባሌስትራ ተደረበ እንበል። መኪናው ከልኩ በላይ ተጭኖም ኋላው ዝቅ አይልም። ቫልቯ «ባዶ ነው» ብላ ታምናለች። ኋላው በጭነት ተጨናንቆ ሳለ ፍሬን ይነፈገዋል፤ ሸክሙ ሁሉ በፊት ጎማዎች ላይ ይወድቃል፣ ፊቱም ይግላል፣ ይቃጠላል። አንዳንዱ ደግሞ ቫልቯ ስታስቸግር ፈትቶ ይጥላታል ወይም ዘንጓን በሽቦ አንድ ቦታ ላይ ያስራል። ያኔ በተራው ባዶ ሲመለስ ኋላው ይቆለፋል። ባሌስትራውን የደረበ ሰው ይህችን ቫልቭ ካላስተካከለ ሥራውን ጨርሷል አይባልም። ስንቱ ነው ግን የሚያስታውሳት?

ቀጥሎ ያለው በሽታ የምርመራው በሽታ ነው። መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ ከሳበ፣ ወይም የቀኝ ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ፣ የችኮላ መካኒክ ቀኙን ይፈታል። የፍሬን ሸራውን ይሞርደዋል፣ ያላላዋል፣ «አሁን ተስተካክሏል» ይላል። መሳቡም ይቀንሳል። የቀነሰው ግን ጤነኛው ጎማ ስለደከመ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ግራው ነው፤ ግራው ስላልያዘ ሹፌሩ ፔዳሉን አጥብቆ ይረግጣል፣ ቀኙ ድርሻውንም የጓደኛውንም ይሸከምና ይቆለፋል። የሚጎትተውን በሬ መግረፍ ማለት ይህ ነው። ሁለቱም እኩል ሲለግሙ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ግን ወደ ገደሉ ነው።

ትክክለኛው ምርመራ ውድ መሣሪያ ሳይኖርም የሚጀመር ሥራ ነው። መኪናው ከትንሽ ጉዞ በኋላ ይቆማል፤ የአራቱም ቸርኬ ሙቀት እጅ በማቅረብ ወይም የውሃ ጠብታ በማሳረፍ ይነጻጸራል። ከዚያ በክሪክ ይነሳል፣ ጎማው በእጅ ይዞራል፣ ሌላ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይለቃል። ከተለቀቀ በኋላም ጎማው ተይዞ ከቀረ አየር ማስወጫዋ ትላላለች። ጎማው ወዲያው ከተፈታ ግፊት ታስሮ ቀርቷል ማለት ነው፤ ከውጭ ደህና የሚመስለው የጎማ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አሳልፎ መመለሻ ከልክሎታል። ካልተፈታ ችግሩ ብረቱ ላይ ነው፤ ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቋል ወይም መላሽ ሞላው ደክሟል። ታምቡሩ ሲከፈት ሸራው ላይ ዘይት ወይም ግራሶ ካለ ሸራውን በቤንዚን አጥቦ መመለስ ጥገና አይደለም፤ ዘይቱ ከየት መጣ ተብሎ የሚያፈሰው ጎሚኒ ይቀየራል፣ ሸራውም በግራም በቀኝም አንድ ላይ ይቀየራል። የአንድ አክሰል ሸራ በጥንድ እንጂ በነጠላ አይቀየርም። የጎማው ልክ፣ ዓይነትና ነፋስ በሁለቱም ወገን አንድ መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ በደረቅና ሜዳ መንገድ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ መጀመሪያ ባዶውን ከዚያም ተጭኖ ይሞከራል። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በምትኩ የሚሠራው ግን የመንገድ ላይ ሕይወት የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የአንድ ጎማ ፓምፕ ሲያፈስ ወደዚያ ጎማ የሚሄደው ቧንቧ ተቆንጥጦ ወይም ተደፍኖ ይዘጋል። «እስከ ደብረ ማርቆስ ያደርሳል» ይባላል። ደብረ ማርቆስ ሲደረስ «እስከ አዲስ አበባ ያደርሳል» ይሆናል። መኪናው በሦስት ጎማ ፍሬን እየያዘ ዓባይን ይወርዳል። ይህን ያደረገ ሰው መኪናው ወደ አንድ ወገን እንዲስብ በእጁ ሠርቶታል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

ዓባይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ከቁልቁለቱ የሚያገኘው ጉልበት ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር ከ200 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ አንድ በርሜል ሙሉ ማለት ነው። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ብዙውን ይሸከምለታል። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ ከለቀቀው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በታምቡሮቹ ላይ ይወድቃል። ከጎማዎቹ አንዱ የተዘጋ ከሆነ ደግሞ የእሱም ድርሻ ለቀሩት ይከፋፈላል።

እዚህ ላይ የፍሬን ዘይት ይገባል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው ልክ 140 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል እንጂ ግፊት አያስተላልፍም። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባሉት ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው። ቀዝቀዝ ሲል ፔዳሉ ተመልሶ ሊጠነክር ስለሚችልም ከአደጋው በኋላ የሚያየው ሰው «ፍሬኑ እኮ ደህና ነው፣ ሹፌሩ ነው ያበደው» ሊል ይችላል። ሹፌሩ አላበደም። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት፣ እኩል ያልያዙ ጎማዎችና ከልክ ያለፈ ጭነት አንድ ላይ ተገናኝተው ነው።

ታዲያ ተጠያቂው ማን ነው? አሁን ባለው ልማድ መልሱ አንድ ነው፦ መሪውን የያዘው። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ላይ የተዘረዘረው ጥፋትና ቅጣት በአብዛኛው አሽከርካሪውን የሚመለከት ነበር። ሞት ሲመጣ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይጠቀሳል። ይህ አንቀጽ ግን በጥንቃቄ ቢነበብ «ሹፌር» ብሎ አይጀምርም፤ በቸልተኝነት የሰው ሞት ያስከተለን ማንኛውንም ሰው ይመለከታል። የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱን ያከብደዋል። ቧንቧውን የደፈነው ሰው ቸልተኛ አይደለም? «ፍሬኑ ይስባል» ተብሎ ተነግሮት «ጭነቱ ይበላሻል፣ ውጣ» ያለው ባለንብረት ቸልተኛ አይደለም? መኪናውን ሳያይ የፈረመው መርማሪስ? ሕጉ ለእነዚህም ቦታ አለው። ልማዱ ነው ቦታ ያጣላቸው።

ሹፌሩን ነጻ ማውጣት አይደለም ነገሩ። በፎሌ የለቀቀ፣ ከልክ በላይ የጫነ፣ እንቅልፉን ሳይጠግብ ሌሊት የነዳ ሹፌር ይጠየቅ። ነገር ግን የቀን ተቀጣሪ የሆነ ሹፌር «አልወጣም» ቢል ነገ ሌላ ሹፌር መሪውን እንደሚይዝ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አስሮ «ፍትሕ ተሰጠ» ማለት ቀኝ ጎማ ስለተቆለፈ ቀኙን ብቻ እንደ መፍታት ነው። የተቆለፈው እሱ ነው፤ ያልያዙት ሌሎች ናቸው።

ወደ ምርመራው እንምጣ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። የዓመቱ ቦሎ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ቦሎው ግን የሚናገረው «አልፏል» ብቻ ነው። በስንት አለፈ? ግራው ስንት ያዘ፣ ቀኙ ስንት? ተሳፋሪው አያውቅም፣ ብዙ ጊዜ ሹፌሩም አያውቅም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የምርመራ መመሪያ መሠረት በአንድ አክሰል ላይ ያለው ደካማ ጎማ ከጠንካራው ኃይል 70 በመቶውን ካልያዘ መኪናው ጉድለት አለበት። ድምሩ ቢሞላም ልዩነቱ ይጥለዋል። ይህ ሥርዓት ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፤ «ፍሬን አለው ወይስ የለውም» ብቻ ሳይሆን «እኩል ይይዛል ወይስ አይይዝም» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጎማ እየሾረ የሚለካበት ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ቁጥር ያወጣል። ማሽኑ ያለው ተቋም ቁጥሩን አትሞ ለባለንብረቱ ለመስጠት የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው። ማሽን የሌለው ተቋም ደግሞ ፍሬን መርምሬአለሁ ብሎ መፈረም የለበትም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ክርክር ይታወቃል። «መለዋወጫ በሰማይ ዋጋ ነው፤ አዲስ መኪና መግዛት አይታሰብም፤ በክልሉ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በቀጠለው ግጭት መንገድ በተከፈተ ሰዓት መውጣት እንጂ ጋራዥ መዋል የሚችል የለም።» ክርክሩ ባዶ አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ዋጋ አንሮታል፤ በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። መንገድ ሲዘጋ ከርሞ ሲከፈት ሹፌሩ እንደሚቸኩልም ማንም ይረዳዋል።

ነገር ግን ክርክሩ የሚደግፈው ተቃራኒውን መደምደሚያ ነው። መኪናው የማይተካ ከሆነ የበለጠ መጠበቅ አለበት። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ፣ ሆስፒታል ለመድረስ ሰዓታት የሚፈጅ ከሆነ፣ አደጋው ላይ ደራሽ የማይገኝ ከሆነ ፍሬኑ ከሌላው ጊዜ በላይ መያዝ አለበት። ወጪውም ቢሰላ ለጥንድ ሸራ፣ ለጎሚኒና ለአንድ ጣሳ የፍሬን ዘይት የሚወጣው ገንዘብ ባሌስትራ ለማስደረብ ወይም ቦዲ ለማስቀጥቀጥ ከወጣው ጋር አይወዳደርም። ለመጫን የተገኘ ገንዘብ ለማቆም ሲሆን የሚጠፋው ለምንድን ነው?

የሰው ነገር ሲሆን ደግሞ ሚዛኑ ይለወጣል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሠርገኞችን የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ገብቶ ቢያንስ 71 ሰዎች ሞተዋል። ያ አደጋ በፍሬን ምክንያት ደረሰ ማለት አይደለም። ግን ለዕቃ የተሠራ መኪና ሰው ሲጭን አንድ ስህተት ስንት ቤት እንደሚዘጋ አገር አይቷል። በምዕራብ ጎጃም ገጠርም ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ መሄድ ብርቅ አይደለም። ተሳፋሪው ከኋላ ቆሞ የሚይዘው የሳጥኑን ብረት ነው፤ ሕይወቱን የያዘው ግን ከሥሩ ያለው፣ ማንም ያልለካው ሸራ ነው።

መደረግ ያለበት ረጅም አይደለም።

አንደኛ፣ ዓመታዊ ምርመራ የእያንዳንዱን ጎማ የፍሬን ልክ በቁጥር አትሞ ይስጥ፤ የግራና የቀኙ ልዩነት ከተወሰነ ልክ ካለፈ ቦሎ አይለጠፍ።

ሁለተኛ፣ ባሌስትራ የተደረበለት፣ ቦዲው የተቀየረ፣ ወንበር የተጨመረበት መኪና ለውጡ በመዝገብ ሲሰፍር ፍሬኑ ተጭኖ ይፈተሽ። ባዶ ተፈትኖ ሙሉ የሚሠራ መኪና አልተፈተነም።

ሦስተኛ፣ ሞት ባደረሰ አደጋ ላይ ቅሪቱ ለቁራሌ ከመሸጡ በፊት አራቱም ታምቡር ተከፍቶ ሸራው፣ ቧንቧው፣ ቫልቩና ዘይቱ በፎቶ ተደግፎ ይመዝገብ። የተደፈነ ቧንቧ ከተገኘ «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ቃል ከዶሴው ይውጣና «ፍሬን ተዘግቶ ነበር» ይባል። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ተጠያቂነት ነው።

አራተኛ፣ ሹፌር ጉድለቱን በጽሑፍ ያስታወቀበት መኪና እንዲወጣ ያዘዘ ባለንብረት፣ አደጋ ከደረሰ ከሹፌሩ ጎን ይቁም። አንድ ቅጠል ወረቀትና የሁለት ሰው ፊርማ ይበቃል። ይህ ሲጀመር ስንት ባለንብረት ድንገት ጋራዥ እንደሚወድ ይታያል።

አምስተኛ የሚባለው ለተሳፋሪው ነው፤ አዋጅም አይጠብቅም። መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ ጎን የሚወረውረው ከሆነ ዝም ብሎ መቀመጥ ትዕግሥት አይደለም። ከመናኸሪያ ሲወጣ፣ ገና በሜዳው ላይ ሳለ «ወንድም፣ መኪናህ ይስባል፤ አሳየው» ማለት ይቻላል። ሹፌሩም ለባለንብረቱ «ተሳፋሪ እምቢ አለ» የሚልበት ምክንያት ያገኛል።

የአገሬው ሰው ሳይቃጠል በቅጠል ይላል። የፍሬን ሸራ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ደጀን አፋፍ ላይ ቆሞ ለሚያሸተው ሁሉ ይደርሳል፤ ሚስጥር አይደለም። ሽታው እያለ፣ መስመሩ አስፋልቱ ላይ እየተሰመረ፣ መሪው እየሳበ ሁሉም ዝም ብሎ ከርሞ ሰው ሲሞት «በጠሰ» ማለት ጥፋትን ለብረት ማሸከም ነው። ብረቱ ግን የሚችለውን ያህል ቀድሞ ተናግሯል።